የአክስቴ እምቡጥ

አክስቴ የተቆረጠው እጇ ተመልሶ ይበቅላል ብላ በእውነት ታምን ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሴ ብዙ ጊዜ አቅርቤዋለሁ። እሷን ግን ጠይቄያት አላውቅም። በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ በእኔና በእሷ አልጋ መካከል ከአንድ የጣውላ ግድግዳ በቀር ሌላ ሳይኖር፣ ስትገላበጥና ስትቃትት እየሰማሁ አድጌ፣ ዛሬም መልሱ የለኝም። አንዳንድ ቀን «እንዴት ታምናለች? ልብ ያላት ሴት ናት» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ካላመነችማ ያን ሁሉ ሕመም ለምን ብላ ተሸከመችው?» እላለሁ። ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል። አብረው ግን እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሙያዋ ጠራዥነት ነበር። በአንድ የምርምር ተቋም ማተሚያ ክፍል ውስጥ መጽሔትና መጽሐፍ ትሰፋለች፣ ታጣብቃለች፣ በመጨረሻም ጠርዙን በወረቀት መቁረጫው ማሽን ታስተካክላለች። ማሽኑ እንደ ትልቅ ጠረጴዛ ነው፤ ምላጩ የአንድ ሰው ክንድ ያህል ይረዝማል። ምላጩ የሚወርደው ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ እኩል ሲጫኑ ብቻ ነው። እንዲህ የተሠራው አንደኛው እጅ ሳይታሰብ ምላጩ ሥር እንዳይገኝ ነው። ሥራ ሲጣደፍ ግን ጠራዦቹ አንዱን ቁልፍ በእንጨት ሽብልቅ ሰክተው ይተዉታል። ያኔ በቀኝ እጅ እየጫኑ በግራ ወረቀቱን መግፋት ይቻላል። ሁሉም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ አለቃውም አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የአክስቴ ግራ እጅ ከአንጓው ከፍ ብሎ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ተቆረጠ።

የማተሚያ ክፍሉ አለቃ ሆስፒታል ሊጠይቃት መጥቶ፣ «ሥራሽ አይነካም፣ ቀላል ሥራ ይፈለግልሻል» አላት። ቃሉንም ጠበቀ። የተገኘላት ቀላል ሥራ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ሕንፃ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ለምርምር የተቀመጡ እንስሶችን መጠበቅ ነበር። የመደባት ሰው እንስሶቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ሳያውቅ ያደረገው ይመስለኛል።

እንስሶቹ ሳላማንደር ይባላሉ። ሲያዩዋቸው እንሽላሊት ይመስላሉ፤ ቆዳቸው ግን እንደ እንቁራሪት ልስልስና እርጥብ ነው፣ ኑሯቸውም ውሃ ውስጥ ነው። አፋቸው ሰፊ ስለሆነ የሚስቁ ይመስላሉ። ክንዳቸው ወይም እግራቸው ቢቆረጥ መልሰው ያበቅሉታል፤ ከነአጥንቱ፣ ከነጡንቻው፣ ከነጣቶቹ። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ የሚጠናው ይኸው ነበር።

የመጀመሪያ ዕለት በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣ ግቢው ውስጥ የማይቀልድበት ሰው የሌለው ሽማግሌ፣ የታሰረውን ክንዷን ዓይቶ፣ «ቢሮው አስቦበት ነው፣ እትዬ። እነሱ ዘንድ ቁጭ ብለሽ ሙያውን ልመጂ ማለታቸው ነው» አላት።

«ላንተም ራስ የሚያበቅል ሲመጣ ይመድቡሃል» አለችው።

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ። ያን የመሰለ ቀልድ ፊት ለፊት የነገራት ሰው እሱ ብቻ ስለነበር ይመስለኛል። ሌላው ሰው ሁሉ ከክንዷ ላይ ዓይኑን እያሸሸ ነበር የሚያናግራት።

ምድር ቤቱን እኔም ዓይቼዋለሁ። መስኮት የለውም። ከባዱ የብረት በር በራሱ ጊዜ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ የውጭው ዓለም አለ ለማለት የሚያስችል ድምፅ አይሰማም። ጣሪያው ላይ ረጃጅም ነጭ መብራቶች ተሰቅለዋል፤ አንደኛው ሁልጊዜ ይርገበገባል። ግራና ቀኙ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ክዳናቸው የተበሳሳ የፕላስቲክ ሣጥኖች፣ በየሣጥኑ ትንሽ ውሃ፣ በየውሃው አንድ ሳላማንደር። ሁለት አድርጎ ማስቀመጥ አይቻልም። አንድ ላይ ከሆኑ አንዱ የሌላውን እግር ይቦጭቃል። «ሁሉም በየክፍሉ ነው» ትል ነበር አክስቴ፣ የራሷን ኑሮ የምትናገር በሚመስል ድምፅ። ትንሿ የአየር መግፊያ ሞተር ቀኑን ሙሉ ታጉረመርማለች። አክስቴ ያንን ጉርምርምታ ቤት ይዛው ትመጣ ነበር፤ እራት ላይ ጸጥ ስንል «ይሰማችኋል?» ትለን ነበር። እኛ ምንም አይሰማንም።

ሥራው በአንድ እጅ ቀላል አልነበረም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው እንስሶቹን ይጎዳል፤ በበርሜል ተቀድቶ ማደር አለበት፣ ከዚያ ጨው ተመዝኖ ይጨመርበታል። ሣጥኑን በቀኝ እጇ ስትይዝ ክዳኑን የምትከፍትበት እጅ ታጣለች። ኋላ ዘዴ አገኘች። ሣጥኑን በደረቷና በጉቶ ክንዷ አጣብቃ በቀኝ እጇ ትከፍታለች፣ ውሃውን ትደፋለች፣ አዲሱን ትሞላለች። እንዲህ ስታደርግ ሳላማንደሩ ከደረቷ ሥር አንጋጦ ያያታል። የእሱ ጉቶና የእሷ ጉቶ ከአንድ ስስ ፕላስቲክ ወዲህና ወዲያ ይሆናሉ።

የምርምሩ ባለቤት አንዲት ወጣት ዶክተር ነበረች። ስትሠራ ማውራት ትወዳለች፤ አክስቴ እስክትመጣ ድረስ ግን ሰሚ አልነበራትም። ሳላማንደሩን ማደንዘዣ ባለበት ውሃ ውስጥ ታስተኛውና ክንዱን በምላጭ ትቆርጠዋለች። መጀመሪያ ሰሞን አክስቴ ምላጩ ሲወርድ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። አንድ ቀን ሳታዞር ቀረች። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

ቁስሉ ባደረ ማግስት በስስ ቆዳ ተሸፍኖ ይገኛል። ጠባሳ አይሠራም። ሰንበት ብሎ ጫፉ ላይ እንደ አበባ እምቡጥ ያለ ነገር ብቅ ይላል። እምቡጡ ይረዝማል፣ ጫፉ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጠፍ ይላል፣ ጠፍጣፋው ይሰነጣጠቅና ጣት ይሆናል።

«እጅ ሁን ብሎ ያዘዘው ማነው፣ ዶክተር?» ብላ ጠየቀቻት አክስቴ።

«እሱን ባውቅ ኖሮ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያስቀምጠኝ ነበር፣ እትዬ?» ዶክተሯ ሳቀች። ቀጥላ ግን የምታውቀውን ነገረቻት። የሳላማንደሩ ቆዳ በውሃው ውስጥ ያለውን ጨው እየሳበ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በዚህ የተነሳ የቆዳው ውስጥና ውጭ እንደ ባትሪ ሁለት ጫፍ ይሆናሉ። ቆዳው ሲቆረጥ ኤሌክትሪኩ በቁስሉ በኩል ይፈስሳል።

«ይነዝራል?»

«አይነዝርም። በጣም ትንሽ ነው። ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ ነው የምለካው። ግን ጨው መሳቡን የሚከለክል መድኃኒት ውሃው ውስጥ ብጨምርበት፣ የሚፈስሰው ይቀንሳል፣ እጁም እንደ ልብ አይበቅልም። ኤሌክትሪኩ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ነርቩ እስከ ቁስሉ ድረስ መምጣት አለበት። ነርቩ የሚያመነጨው ቅመም አለ፤ ሕዋሶቹ እሱን ካላገኙ አይባዙም። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉትን አይተዋል አይደል?»

አክስቴ አይታቸዋለች። የታችኞቹ ነርቫቸው ብብታቸው ሥር የተቆረጠባቸው ናቸው። ቁስላቸው ድኗል፤ እጅ ግን የላቸውም። ዱልዱም ሆነው ቀርተዋል። ውሃቸውን ስትቀይር ክንዳቸውን ያንቀሳቅሱት እንደሆን ትጠብቅ ነበር፤ አያንቀሳቅሱትም።

ስለ አክስቴ ሕመም መናገር አለብኝ። የሌለው እጇ ያማት ነበር። ይህ ነገር እጅ በተቆረጠባቸው ሰዎች ላይ እንደሚደርስ በኋላ አነበብኩ፤ ያኔ ግን ቤታችን ውስጥ እንደ እንግዳ ነገር ነበር። እጇ የተጨበጠ ነው፤ ጥፍሮቿ መዳፏ ውስጥ ገብተዋል፤ ልትዘረጋው ትፈልጋለች፣ የሚዘረጋ ነገር ግን የለም። እናቴ መጀመሪያ ላይ «አእምሮሽ ነው» ትላት ነበር። አክስቴም «እሺ፣ አእምሮዬን እሺ፤ ጥፍሩን ምን ልበለው?» ትላት ነበር።

ምድር ቤት በገባች በሁለተኛው ዓመት ጉቶ ክንዷ ጫፍ ላይ፣ ከጠባሳው ሥር፣ ሽንብራ የምታክል ነገር በቀለች። ቆዳውን ወደ ላይ ገፋ አድርጋዋለች። ሸሚዝ ሲነካው እንኳ አክስቴ ኤሌክትሪክ የያዛት ያህል ትዘላለች፤ ንዝረቱም የሚሮጠው ወደ ትከሻዋ ሳይሆን ወደ ታች፣ ወደሌሉት ጣቶቿ ነው።

እዚህ ላይ ነው አክስቴ የተሳሳተችው፤ ስሕተቱንም እሷን በመሰለ ቦታ ከዋለ ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። ሌላ ሰው እብጠት ሲያይ ይደነግጣል። አክስቴ ግን በየሣጥኑ ውስጥ ስንት ጉቶ ጫፉ ላይ ሲያብጥ አይታለች፣ ከእብጠቱ በኋላ የሚመጣውንም ታውቃለች። ኤሌክትሪክ አለ። ነርቭ አለ። እምቡጥ አለ። ለማንም አልነገረችም። ከምድር ቤቱ ጨዋማውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየያዘች መምጣት ጀመረች። ማታ ማታ ጉቶዋን በሣህን ውስጥ ትነክራለች። እናቴ ስትጠይቃት «ይቀዘቅዝልኛል» ትላለች።

«እታለም፣ ይህ ነገር እያበጠ ነው» አለቻት እናቴ አንድ ቀን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላል። ሐኪም ይየው።»

«አላበጠም።»

«ይኸው እያየሁት?»

«እየወጣ ነው።»

«ምኑ ነው የሚወጣው?»

አክስቴ ጉቶዋን ሣህኑ ውስጥ ነከረች። እናቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ ደግሞ ሣህኑን አየሁ። ሦስታችንም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሩ አልጋው እየገታው ግማሽ ብቻ በሚከፈትባት ክፍል፣ ስለ አንድ ነገር እያሰብን ማናችንም ሳንናገር ቀረን።

በመጨረሻ ስቃዩ ሲብስባት እናቴ ጎትታ ወሰደቻት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ቀዶ ሐኪሙ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበርና ይቸኩላል። እብጠቱን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው አክስቴ ከአልጋው ልትወድቅ ደረሰች።

«የነርቭ ቋጠሮ ነው» አለ። «ቆርጠን እናወጣዋለን።»

«ምኑን ነው የምትቆርጡት?»

«ነርቩን። ከፍ ብለን እንቆርጠውና ጫፉን ጡንቻ ውስጥ እንቀብረዋለን። ከዚያ ሕመሙ ይተውሻል፣ ትተኛለሽ።»

አክስቴ ሸሚዟን በአንድ እጇ መቆለፍ ጀመረች። እናቴ ልታግዛት ብትሞክር እጇን ገፋችው። ታችኛው መደርደሪያ ነበር የታያት፤ አሁን ሳስበው ይገባኛል። መንገድ ላይ እናቴ ስትቆጣት ስትቆጣት ቆይታ ሲደክማት፣ አክስቴ እንዲህ አለች፦

«እጄን ለማሽን ሰጠሁ። የቀረውን ደግሞ ለዚህ ችኩል ሰውዬ ልስጠው?»

«ሕመሙን ነው የሚወስድልሽ እኮ፣ እታለም።»

«ሕመሙ እኮ ነው ያለኝ።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው፤ ይህኛው ከዚያኛው የሚለይበት ነገር የለውም። ጠዋት አውቶቡስ፣ ቀን ምድር ቤት፣ ማታ ሣህን፣ ከሣህኑ በኋላ የጣውላው ግድግዳ ሲንቋቋ። አክስቴ መዝጊያው ሁሉ የተዘጋባት ሴት ሆነች፤ የዘጋችውም ራሷ ነበረች። ሐኪም ቤት ብትሄድ ነርቩን ይቆርጡታል። ባትሄድ እንቅልፍ የለም። ሥራውን ብትለቅ ውሃው ይቀራል። ሥራውን ባትለቅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስታየው የምትውለው የሌላውን እጅ ሲበቅል ነው። አንድ ጊዜ ቢሮው ላይኛው ፎቅ፣ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሊያዛውራት ጠየቃት። ሰፊ መስኮት አለው፤ የሚሠራውም ስልክ ማንሳት ብቻ ነው። እምቢ አለች።

«ሰው ወደ ላይ ውጣ ሲሉት እምቢ ይላል እንዴ፣ እትዬ?» አላት ጥበቃው። «እኔን ቢሉኝ ደረጃውን በእንብርክኬ እወጣው ነበር።»

«አንተ ታች የጀመርከው ነገር የለህም።»

«አንቺስ ምን ጀመርሽ?»

«ወሬ አታብዛ። በርህን ጠብቅ።»

ይህን ቀልድ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ሲነግረኝ ግን አልሳቀም።

እብጠቱ አላደገም። ይህን እሷም ታየዋለች። ሽንብራ ነበር፣ ሽንብራ ሆኖ ቀረ። የሳላማንደሩ እምቡጥ በሳምንታት ውስጥ የሚሄደውን መንገድ የእሷ በዓመታት አልሄደውም። ሰው ትልቅ ፍጥረት ስለሆነ ይዘገያል ብላ ለራሷ ነግራ ይሆናል። እኔ ብሆን ለራሴ እንደዚያ እል ነበር።

ከዚያ ዶክተሯ አዲስ ሙከራ ጀመረች። በዚህኛው ክንድ አይቆረጥም። ክንዱ ጤነኛ እንደሆነ ጎኑ ላይ ጥቂት ቆዳ ይነሳል፤ አንድ ነርቭ ከውስጥ ተስቦ ጫፉ ወደዚያ ቁስል እንዲደርስ ይደረጋል። ከእንስሶቹ ለገሚሶቹ ደግሞ ከዚያው ክንድ ተቃራኒ ጎን የተወሰደ ቁራጭ ቆዳ ቁስሉ ላይ ይለጠፍላቸዋል፤ ለገሚሶቹ አይለጠፍም። ዶክተሯ ማወቅ የፈለገችው ነርቭ ብቻውን እጅ መሥራት ይችል እንደሆነ ነበር። አክስቴም ከዚያች ቀን ጀምሮ ማወቅ የፈለገችው ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ ዶክተሯ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጥያቄውን እዚያው ትታው መሄድ መቻሏ ነበር።

ቆዳ በተለጠፈላቸውም ባልተለጠፈላቸውም ላይ እብጠት ወጣ። አክስቴ በዚያ ሰሞን ቤት ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። ዳቦ ቆርሳ ሳትጎርሰው ረስታው ትቀመጣለች። እናቴ «ምን አገኘሽ?» ብትላት፣ «ጎኑ ላይ ወጣለት» አለች። «ምንም ሳይቆረጥ። ነርቩ ስለደረሰ ብቻ።» ያን ያህል ስትናገር ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ሣህኑን ራሷ አጠበች፣ ውሃውን ራሷ ሞላች።

ቀጥሎ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ቆዳ የተለጠፈላቸው እንስሶች ክንዳቸው ጎን ላይ ትንሽ፣ ትርፍ እጅ አበቀሉ፤ ጣት ያላት፣ የምትንቀሳቀስ እጅ። ቆዳ ያልተለጠፈላቸው ላይ እብጠቱ ጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ መሟሸሽ ጀመረ። አክስቴ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትከፍተው የእነሱን ሣጥን ነበር። እብጠቱ በየዕለቱ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻ ቦታው የት እንደነበር እንኳ ለማወቅ የሚያስቸግር ሆነ።

የሆነውን የነገረችኝ ዶክተሯ ናት፤ ቤታችን ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ። አክስቴ ሣጥኑን እንደያዘች መጥታ አጠገቧ ቆመች አለችኝ።

«ለምን ተመለሰ፣ ዶክተር?»

«የቱ?»

«ይኸኛው። ነርቩ አለው። ጨው አለው። ወጥቶ ነበር። ለምን ተመለሰ?»

ዶክተሯ ሥራዋን ሳታቋርጥ መለሰችላት። ነርቩ ሕዋሶችን ጠርቶ ይሰበስባቸዋል። የተሰበሰቡት ግን ምን እንደሚሠሩ የሚያውቁት ከክንዱ ወዲህና ወዲያ የመጡት ሲገናኙ ነው፤ አንዱ ለሌላው የት እንዳለ ይነግረዋል። ከአንድ ወገን ብቻ ከሆኑ ይሰበሰባሉ፣ ይጠብቃሉ፣ የሚነግራቸው ሲያጡ ይበተናሉ።

አክስቴ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የግራ እጅጌዋን በጥርሷ ይዛ ወደ ላይ ጠቀለለችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ዶክተሯ ያንን ክንድ ሳይሸፈን አይታው አታውቅም ነበር።

«ይሄስ?» አለች አክስቴ።

ዶክተሯ የነገረችኝን እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ምን እንደተጠየቀች አልገባትም። ከዚያ ገባት። ስንት ቀን ነው እዚያ ቁጭ ብላ፣ ሳታስብ፣ ስለ ነርቭና ስለ እምቡጥ ያወራችው? ውሸት ልትነግራት እንዳማራትም አልደበቀችኝም።

«እትዬ፣ ይሄ እምቡጥ አይደለም።»

«ነርቭ አለበት። ሐኪሙ ራሱ ነርቭ ነው ብሏል።»

«ነርቭ ነው። የእኛ ቁስል ግን በጠባሳ ነው የሚዘጋው። ነርቩ አድጎ ይወጣል፣ የሚሄድበትን ይፈልጋል፣ ጠባሳው ይዘጋበታል። ሲዘጋበት ዞሮ በራሱ ላይ ይጠመጠማል። እሱ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ምንድነው የሚፈልገው?»

«እጁን።»

«እጁ የለም እኮ።»

«እሱ አያውቅም።»

አክስቴ እጅጌዋን አወረደች። ሞተሯ ስታጉረመርም ሁለቱም ሰሙ አለችኝ ዶክተሯ፤ ያን ድምፅ ከዚያን ቀን በፊት ሰምታው እንደማታውቅ ሁሉ። አክስቴ ሣጥኑን ከጠረጴዛው አንስታ፣ «እስከ መቼ ነው የሚፈልገው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ካልተነካ እስከ መጨረሻው ሊሆን ይችላል።»

በዚያ ቀን አክስቴ ውሃ ቀይራ፣ በርሜሉን ሞልታ፣ በሰዓቷ ወጣች። ጥበቃው የሆነ ነገር ቀልዶባት ነበር፤ አልመለሰችለትም። ቤት ስትገባ ጠርሙስ አልያዘችም። ለእናቴ፣ «ያ ሰውዬ አሁንም እዚያ ይሠራል?» አለቻት። እናቴ የትኛው ሰውዬ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ አንዴ ከተጠየቀች ሐሳቧን እንዳትለውጥ ፈርታ።

ይሠራ ነበር። ሽበት ጨምሯል፤ ችኮላው ግን ያው ነው። አክስቴ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ስትቆርጠው ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችው።

«ማን?»

«ነርቩ። ከቆረጥከው በኋላ እንደገና ያድጋል፣ አይደል? እንደገና ይፈልጋል። ያኔስ?»

ሐኪሙ መጻፉን ተወ። ከበሩ ውጭ ሰው እየጠበቀው እንደሆነ ለአፍታ የረሳ መሰለኝ። ድሮ እንቀብረው ነበር አለ፤ አሁን ግን የተቆረጠውን ጫፍ ወደ አንድ ትንሽ ጡንቻ ከሚገባ ሌላ ቀጭን ነርቭ ጋር ይሰፉታል። ሲያድግ ጡንቻው ውስጥ ይገባል። የሚያዝዘው ነገር ያገኛል።

«እጅ አይደለም» አለች አክስቴ።

«አይደለም። የክንድሽ ጡንቻ ነው። እጅ አልሰጥሽም፣ እህቴ። እሱን የሚሰጥ ሰው የለም።»

አክስቴ የሐኪሙን ጠረጴዛ፣ ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ እንደገና ጠረጴዛውን አየች። ያኔ በፊቷ ላይ ምን እንዳለፈ ማወቅ ብችል የመጀመሪያውን ጥያቄዬን መመለስ እችል ነበር። አልቻልኩም። የሰማሁት፣ «እንግዲያው ቁረጠው» ስትል ብቻ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ደኅና ተጠናቀቀ። ሆስፒታል ያደረችባቸው ሌሊቶች ግን ቤት ከምታድራቸው አልተሻሉም፤ አዲሱ ቁስል ያማታል፣ ማደንዘዣው ሲለቃት ታስመልሳለች። ሽማግሌው ጥበቃ ብርቱካን ይዞ መጣ። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ቆቡን በእጁ ሲያዞር፣ የሚቀልደው ነገር ሲፈልግ ታየኝ፤ አላገኘም። «ታች ያሉት ደኅና ናቸው፣ እትዬ» ብሎ ብቻ ሄደ። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ነው ስታለቅስ ያየኋት፤ እጇ በተቆረጠ ጊዜ እንኳ እንዳላለቀሰች እናቴ ነግራኛለች።

ወደ ቤት መለስናት። በሩ እንደ ልማዱ ግማሹን ተከፍቶ አልጋው ገታውና አንድ በአንድ ገባን። እናቴ ሾርባ አመጣችላት፤ «ጠጪ» ስትላት፣ «ኋላ»፤ «አሁን ጠጪ» ስትላት፣ «እንደ ሕፃን አታድርጊኝ»፤ እንዲህ ሲባባሉ ሾርባው ቀዘቀዘ። ክንዷ በትራስ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በፋሻ ስለተጠቀለለ ከጫፉ ሥር ምን እንዳለ አይታይም። አክስቴ ለብዙ ሰዓት እሱን ስታይ ቆየች።

«ያምሻል?» አልኳት።

«ያመኛል።»

«ያኛው ነው ወይስ ሌላ?»

አሰበች። «ሌላ ነው» አለች። «ይሄ ቁስል ነው። ቁስል ብቻ።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «ከእንግዲህ የምጠብቀው የለም» አለች። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ድምፅዋ አይናገርም ነበር። መጋረጃውን ልዝጋው ብዬ ተነሳሁ፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤቱን የሲሚንቶ ግድግዳ ነው፤ ያም ቢሆን ብርሃን አለው። «ተወው» አለችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እናቴ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች። አክስቴ አንድ ሁለት ጊዜ ዓይኗን ከድና ገለጠች፣ የሆነ ነገር ይመጣል ብሎ እንደሚያደምጥ ሰው ቆየች፣ ምንም አልመጣም፤ ደግማ ከደነችው። አፏ ትንሽ ተከፈተ፤ እንቅልፍ ወሰዳት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።